የሸራ ጀልባ መሪ ሲላላ፦ ጥፋቱ የገመዱ ነው ወይስ የሌላ?

ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የኪሊፊ ወሽመጥ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ለሚጓዙ የሸራ ጀልባዎች ከታወቁት የምሥራቅ አፍሪካ ማረፊያዎች አንዱ ነው። ውስጡ እንደ ሐይቅ የረጋ ነው። መግቢያው ግን በኮራል ዐለቶች መካከል ያልፋል፤ ባለጀልባው ከግራም ከቀኝም ማዕበል ዐለቱ ላይ ሲሰባበር እያየ፣ በመካከል ያለውን ጥልቅ ውኃ ተከትሎ መግባት ይኖርበታል።

እዚህ ቦታ ላይ አቅጣጫ ለማስተካከል መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት፣ እጅዎ ከአንድ ጋት በላይ ተጉዞ ጀልባዋ ግን ምንም ሳይሰማት ብትቀርስ? ማዕበሉ ከኋላ እየገፋ ዐለቱ ሲቀርብ፣ ያቺ የባከነች ጋት ብዙ ዋጋ ታስከፍላለች።

ስሜቱን ለመረዳት የባሕር ሰው መሆን አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች የተሳፈረ ሁሉ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ ሾፌሩ መሪውን ግራና ቀኝ ሲያመላልስ አይቷል። ጎማዎቹ እስኪታዘዙ ድረስ መሪው ባዶውን ይዞራል፤ ሾፌሩም ያንን ክፍተት በልምድ ስለሚያውቀው በእጁ እያካካሰ ይነዳል። የላዳው ሾፌር ግን ነገሩ ካላማረው ዳር ይዞ መቆም ይችላል። ባሕር ላይ ዳር ይዞ መቆም የለም።

የመሪ መላላት ዕድሜ ባላቸው የሸራ ጀልባዎች ላይ የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ግን የተለመደው መፍትሔ ነው። መሪው ሲላላ ብዙ ባለጀልባ መፍቻውን ይዞ ወደ ኋላ ጓዳ ይወርድና ገመዱን ያጠብቃል። ለሳምንት ይሻላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይላላል። ገመዱ ለማጥበቅ ከሁሉ የሚቀልለው ክፍል ነው እንጂ ሁልጊዜ ጥፋተኛው እርሱ አይደለም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ገመዱን ማክረር ደግሞ፣ እንደምናየው፣ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ከእጅ እስከ ውኃ

በኬንያዋ የላሙ ደሴት አካባቢ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የእንጨት ጀልባዎች ብዙዎቹ የሚመሩት በቀላል መንገድ ነው። ከኋላ በማጠፊያ የተንጠለጠለ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ በአናቱ ላይ ረዥም እጀታ ተሰክቷል። እጀታውን ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። በመሪው ሰው እጅና በሰሌዳው መካከል ያለው አንድ እንጨት ብቻ ነው፤ ማጠፊያው ከላላ በዓይን ይታያል፣ በጆሮም ይሰማል።

ጀልባዋ እያደገች ስትሄድ ግን ውኃው ሰሌዳውን የሚገፋበት ኃይል ለአንድ ክንድ ይከብዳል። ስለዚህ በመሐል ጉልበትን የሚያበዛ መሣሪያ ይገባል። በብዛት የሚታየው ዓይነት አሠራሩ እንዲህ ነው። መሪው ወገብ በሚደርስ ቋሚ ላይ ተተክሏል። ሲዞር በቋሚው አናት ውስጥ ያለውን ባለጥርስ ክብ ያዞራል፤ በጥርሶቹ ላይም የብስክሌትን የመሰለ አጭር ካቴና ተቀምጧል። ከካቴናው ሁለት ጫፎች የሽቦ ገመዶች ተነሥተው በቋሚው ውስጥ ይወርዳሉ፤ ሜካኒኮች ፑሌጃ በሚሏቸው መዘውሮች ላይ ታጥፈው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም የክብ ሩብ ቅርጽ ካለው ብረት ጋር ይታሰራሉ። ይህ ሩብ ክብ አንድ ወፍራም ዘንግ ነክሶ ይዟል። ዘንጉ በጀልባዋ ሆድ አልፎ ወደ ውኃ ይወርዳል፤ ከሥሩም ጀልባዋን የሚያዞራት ሰፊ ሰሌዳ አለ። በዚህ ጽሑፍ ክንፍ እንለዋለን። ዘንጉ የሚዞረው ከላይና ከታች በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ውስጥ ነው።

ከእነዚህ መጋጠሚያዎች በእያንዳንዱ ላይ ልቅነት ሊኖር ይችላል። መሪውን የያዘው ሰው ግን የሚሰማው ድምራቸው ብቻ ነው።

ለመሆኑ ምን ያህል ልቅነት ብዙ ነው? ክንፉ ከመሐል ወደ ግራ 35፣ ወደ ቀኝም 35 ዲግሪ ይዞራል እንበል፤ በድምሩ 70 መሆኑ ነው። ለዚህ መሪው ከዳር እስከ ዳር 2 ሙሉ ዙር የሚያስፈልገው ከሆነ፣ መሪው 10 ዲግሪ ሲዞር ክንፉ የሚዞረው 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር በሆነ መሪ ዙሪያ ላይ 14 ሴንቲ ሜትር የባከነ ጉዞ፣ በክንፉ ላይ 2 ዲግሪ ማለት ነው።

ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ሆኖም በዚያች ክፍተት ውስጥ ክንፉን የያዘው የለም። ማዕበል በመጣ ቁጥር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይወረወርና ይጋጫል። በደቂቃ 6 ጊዜ ቢመታ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 8,640 ምት ይሆናል። እያንዳንዱ ምት ብሎኖችን ያንቀጠቅጣል፣ ቀዳዳዎችን ያሰፋል፣ ሽቦን ያደክማል። ዛሬ ሁለት የሆነው ዲግሪ ከረዥም ጉዞ በኋላ ሦስት ወይም አራት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ሰውና አንድ የእጅ ባትሪ

ጥፋተኛውን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው፣ የእጅ ባትሪና እርሳስ ይበቃሉ። ጊዜው ግን ጀልባዋ በረጋ ውኃ ላይ ታስራ ስትቆም እንጂ ጉዞ ላይ ሳለች መሆን የለበትም።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ። ሩብ ክቡና ፑሌጃዎቹ የሚገኙበት የኋላ ጓዳ ጠባብ ነው፤ በገመድና በፑሌጃ መካከል የገባ ጣት ሊቆረጥ ይችላል። መሪው መንቀሳቀስ በሚችልበት ጊዜ እጅ ወደዚያ አይገባም። በራሱ የሚመራው ኦቶፓይለት ከዋናው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ይቋረጥ። ላይና ታች ያሉት ሁለቱ ሰዎችም አስቀድመው በቃላት ይስማሙ፤ "አዙር" እና "ያዝ" ይበቃሉ። ይህ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ጓዳ ውስጥ የተጎነበሰ ሰው የሚሰማው ግን የቃሉን ግማሽ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መሪውን ራሱን ይመልከቱ። መሪውን ከሚሸከመው አጭር ዘንግ ጋር የሚያጣብቀው ዳዶ ላልቶ ቢገኝ፣ ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥምም እንጂ።

ከዚያ ላይ ያለው ሰው መሪውን ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ ይያዝ፤ በቋሚው ላይ ፍሬን ካለ ይጥበቅ። ታች ያለው ሩብ ክቡን ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፋው። መሪው ቆሞ ሳለ ሩብ ክቡ ከተንቀሳቀሰ፣ ልቅነቱ ከመሪው እስከ ሩብ ክቡ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ይኸውም ካቴናው፣ ገመዱ ወይም ፑሌጃዎቹ ናቸው። ሩብ ክቡ ካልተንቀሳቀሰ ግን ገመዱን ማጥበቅ ምንም አይጠቅምም፤ ጥፋቱ ከዚያ በታች ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ እርሳሱን ይፈልጋል። ሩብ ክቡ ዘንጉን በነከሰበት ቦታ ላይ ሁለቱን የሚያቋርጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ላይ ያለው ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ ያዙር። መስመሩ ሳይሰበር አብሮ ከዞረ ደኅና ነው። በመዞሪያው ቅጽበት ሁለት ቦታ ከተከፈለ ግን ሩብ ክቡ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ ብሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስረው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ተበልቷል። ሽብልቁ ከተበላ ብሎን ማጥበቅ ጊዜያዊ ነው፤ በልኩ የተሠራ አዲስ ሽብልቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፍተሻ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው እርሱ ነው። አብዛኛዎቹ ጀልባዎች ገመዱ ቢበጠስ በቀጥታ ዘንጉ አናት ላይ የሚገጠም የአደጋ ጊዜ እጀታ አላቸው። ሦስተኛ ሰው ካለ እጀታውን ገጥሞ ክንፉን አጥብቆ ይያዝ፤ ከሌለ እጀታው በገመድ ይታሰር። ላይ ያለው ሰው በሙሉ ጉልበቱ መሪውን ለማዞር ይሞክር። ታች ያለው ባትሪውን ይዞ እጁን ሰብስቦ ይመልከት። መንቀሳቀስ የሌለበት ነገር ሁሉ የሚጋለጠው አሁን ነው።

በተለይ ከቋሚው ሥር ያሉትን ፑሌጃዎች ያስተውሉ። የገመዱ አቅጣጫ በብዛት የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ ትልቁ ሸክም እነርሱ ላይ ያርፋል። የታሰሩበት ወለል ብዙ ጊዜ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ ለብሶ በመካከሉ ጣውላ አለው። በብሎን ቀዳዳዎች ዓመታትን ሙሉ የሰረገ ውኃ ጣውላውን ካበሰበሰው፣ ፑሌጃው በተጎተተ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ይነሣል። ከላይ ሆኖ ሲታይ "ገመዱ ላልቷል" ያሰኛል። ባለጀልባው ገመዱን ሲያከርረው፣ የበሰበሰው ወለል ላይ ተጨማሪ ሸክም ይጭናል፤ ብሎኖቹም ትንሽ ይበልጥ ይነቀላሉ። እንዲህ እያለ፣ መሪው ለአንድ ሳምንት ደኅና እየመሰለ፣ አንድ ቀን በማዕበል መካከል ፑሌጃው ከነብሎኑ ተነቅሎ ይመጣል። መፍትሔው የበሰበሰውን ጣውላ ቆርጦ ማውጣት፣ ማድረቅ፣ በኤፖክሲ መሙላትና ከሥሩ ሰፊ የብረት ሳህን ሰጥቶ እንደገና ማሰር ነው። የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ኦቶፓይለት ያላቸው አንድ ተጨማሪ ምስክር አላቸው። ማሽኑ በመሪው በኩል ሳይሆን ዘንጉን በቀጥታ የሚገፋ ዓይነት ከሆነ፣ እርሱ ሲመራ ጀልባዋ ቀጥ ብላ እየሄደች በእጅ ሲመሩ ብቻ የምትዋልል ከሆነ፣ ጥፋቱ ከመሪው እስከ ሩብ ክቡ ነው። በሁለቱም የምትዋልል ከሆነ ግን ወደ ውኃው በኩል መፈለግ ያስፈልጋል።

ገመዱ በእርግጥ ጥፋተኛ ሲሆን

ጥፋቱ የገመዱ መሆኑ ከተረጋገጠም በኋላ፣ ከማጥበቅ በፊት መመርመር ይቀድማል። ለዚህ ሥራ የሚውለው የማይዝግ ሽቦ ገመድ በ7 ጉንጉኖች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ጉንጉንም 19 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ በድምሩ 133። ይህን ያህል የተከፋፈለው በፑሌጃ ላይ ያለድካም እንዲታጠፍ ነው። የሸራውን ምሰሶ የሚይዘው ባለ 19 ወፍራም ሽቦ ገመድ ከእርሱ ይልቅ ግትር ነው፤ ጠንካራ ስለሚመስል በምትኩ የሚያስገቡት አሉ፤ ነገር ግን መታጠፍ አይወድም፤ ቶሎ ይሰበራል።

አንድ ቀጭን ሽቦ ሲበጠስ ጫፉ እንደ እሾህ ይወጣል። በባዶ እጅ አይዳስሱት። ለስላሳ የወረቀት መሐረብ በገመዱ ላይ ጠቅልለው ከዳር እስከ ዳር ይጎትቱት፤ ወረቀቱ በያዘበት ቦታ የተበጠሰ ሽቦ አለ። ስብራቱ በብዛት የሚገኘው ገመዱ ፑሌጃ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። አንድም እሾህ ከተገኘ ገመዱ መለወጥ አለበት፤ ሁለቱም ወገን አብረው ቢለወጡ ይመረጣል፤ ዕድሜያቸው አንድ ነውና። ካቴናውንም ከባለጥርሱ ክብ ላይ በጣት ወደ ላይ ሳብ አድርገው ይፈትሹት፤ ከጥርሱ በግልጽ የሚነሣ ከሆነ ተበልቷል። ለካቴና ግራሶ አይመከርም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ጨውና አቧራ ይሰበስባል እንጂ በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ አይገባም። ጥቂት ጠብታ የሞተር ዘይት ይሻላል።

ማጥበቂያው የሚገኘው ሩብ ክቡ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ባለቀለበት ረዥም ብሎን ላይ ታስሯል፤ ብሎኑ ደግሞ በሁለት ዳዶ ይያዛል፤ አንዱ ያጠብቃል፣ ሁለተኛው እንዳይፈታ ይቆልፋል። ክንፉ ትክክለኛው መሐል ላይ እንዲሆን ያድርጉ። በዚያን ጊዜ የካቴናው መካከለኛ ዓይን በባለጥርሱ ክብ አናት ላይ፣ በገመድ ጉንጉን ምልክት የሚደረግበት የመሪው ዋና ዘንግም ወደ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካልሆነ መሪውን ወደ አንድ ወገን ጨርሰው ሲያዞሩ የካቴናው ጫፍ ጥርሱ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ግራና ቀኙን በእኩል፣ ግማሽ ዙር በግማሽ ዙር ያጥብቁ።

የት ላይ ማቆም ይገባል? መሪው በፍሬን ተይዞ ሳለ ሩብ ክቡን በእጅ ማንቀሳቀስ ሲያቅት፣ እዚያ ላይ በቃ። ገመዱን እንደ ክራር ጅማት ማክረር ስሕተት ነው። ከልክ በላይ የጠበቀ ገመድ ፑሌጃዎችንና ኩሽኔታዎችን ያደክማል፤ ከዚህም በላይ መሪውን ያደነዝዘዋል። ጥሩ መሪ ውኃው ክንፉን ሲገፋ ለእጅ ይናገራል፤ ሸራው መብዛቱን፣ ነፋሱ መለወጡን ባለጀልባው የሚያውቀው በከፊል ከዚያ ነው። ፍሬኑ ተፈትቶ መሪው በሁለት ጣት ካልዞረ ከልክ አልፏል። አዲስ ገመድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ የጉዞ ሰዓታት ጥቂት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ውኃው ሲሸሽ

ፍተሻው ወደ ኩሽኔታዎቹና ወደ ክንፉ ካመለከተ፣ ጀልባዋ ከውኃ መውጣት አለባት። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀልባን የሚያነሣ ማሽን በየወደቡ አይገኝም። ይሁንና የአካባቢው ጀልባ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ሌላ ማሽን አለ፤ እርሱም የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። በኬንያ ጠረፍ ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በምትሆንበት ሰሞን፣ በሙሉውና በጎደለው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። የእንጨት ጀልባዎች ውኃው ሲሞላ ወደ አሸዋው ይጠጋሉ፤ ሲሸሽ ሆዳቸው ተጋልጦ ይጠረጋል፣ ይጠገናል፤ ሲመለስ ይንሳፈፋሉ። ዘመናዊ የሸራ ጀልባም ጠንካራ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ተደግፋና በደንብ ታስራ እንዲሁ ልትቆም ትችላለች። ከሆዷ በታች የሚወርደው ከባዱ ሚዛን ጠባብ ከሆነ ግን ሥራው የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ወደ ውጭ የወደቀች ጀልባ ከላላ መሪ የባሰ ችግር ናት።

ጊዜው ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ምን እንደሚታይ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የክንፉን የታችኛውን ጫፍ ይዘው ወደ ጎንና ወደ ፊትና ኋላ ይነቅንቁት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ አያስደነግጥም፤ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ተበልቷል። የብዙ ጀልባዎች ኩሽኔታ ከናይለን ወይም ከዴልሪን የተሠራ ቀለበት ነው። ናይለን ውኃ እየጠጣ ስለሚያብጥ፣ አዲሱ ቀለበት በልክ ከተሠራ በኋላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ዘንጉን አንቆ የያዘባቸው አሉ። ዴልሪን በዚህ ረገድ ይሻላል። አዲስ ቀለበት እስኪገኝ ድረስ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እኛ ሃይላንድ ከምንለው፣ ተቆርጦ የወጣ ስስ ወረቀት መሰል ቁራጭ በዘንጉና በቀለበቱ መካከል አስገብተው እስከሚቀጥለው ወደብ የደረሱ ጀልባተኞች አሉ። ጥገና አይባልም፤ ግን ያደርሳል።

ከሁሉ የከፋው ምልክት ሌላ ነው። መሪው ታስሮ ዘንጉ ቆሞ ሳለ፣ ክንፉ ብቻውን የሚዞር ከሆነ፣ ችግሩ ክንፉ ውስጥ ነው። ክንፉ ከውጭ ፋይበርግላስ፣ ከውስጥ ፎም ነው፤ ፎሙ ውስጥ ከዘንጉ ጋር የተበየዱ የብረት ክንዶች አሉ። ውኃ ገብቶ ብየዳውን ከበላው ቅርፊቱ በዘንጉ ላይ ይሽከረከራል። ዘንጉ ወደ ክንፉ በሚገባበት ቦታ የሚወርድ ቡናማ የዝገት እንባ የዚህ ቅድመ ምልክት ነው። ይህን ያየ ሰው ክንፉ ተከፍቶ ሳይጠገን ወደ ባሕር መውጣት የለበትም።

ሌሎች ዓይነት መሪዎችም አሉ። በዘይት ግፊት የሚሠራው ሲላላ አብዛኛውን ጊዜ በቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል፤ መሪው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ አየሩን ማስወጣትና ዘይት የሚያንጠባጥበውን ቦታ መድፈን ያስፈልጋል። በጥርስና በዘንግ የሚሠራው ደግሞ የሚበላው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፤ እነርሱ ይለወጣሉ።

በባሕር ዳር ሠልጥነው በትልልቅ መርከቦች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ጉዳዩን ከሌላ ወገን ያውቁታል። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት፣ የመርከብ ክንፍ ከአንድ ወገን 35 ዲግሪ እስከ ሌላው ወገን 30 ዲግሪ ከ28 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ እንዲዞር ያስገድዳል፤ ይህንንም መርማሪ እየመጣ ያረጋግጣል። ለግል የሸራ ጀልባ ግን እንዲህ ያለ መርማሪ አይመጣም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በመርከቦች ላይ በደረሱት ጥቃቶች የተነሣ በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞርን የመረጡ ጀልባተኞች ደግሞ፣ እጅግ የረዘመና ማዕበሉ የከበደ መንገድ ይጠብቃቸዋል።

ለዚህ መንገድ የሚወጣ ሰው በጓዳው ውስጥ በልኩ የተቆረጠ ትርፍ ገመድ፣ የገመድ ማሰሪያዎችና ጥቂት ሜትር ዳይኒማ ቢኖረው ይመከራል። ዳይኒማ ሰው ሠራሽ ገመድ ነው፤ በተመሳሳይ ውፍረት ከብረት ሽቦ ይበረታል፤ በእጅም ይታሰራል፤ ስለታም ጠርዝ ካልነካው የተበጠሰ የመሪ ገመድን ተክቶ ወደብ ያደርሳል። የአደጋ ጊዜውን እጀታ ደግሞ ከተቀመጠበት አውጥቶ፣ ወደብ ላይ ሳሉ አንድ ጊዜ ገጥሞ መሞከር ያስፈልጋል። በአንዳንድ ጀልባዎች እጀታው ሲገጠም ከመሪው ቋሚ ጋር ይጋጫል፤ አስቀድሞ መሪውን መንቀልን ይጠይቃል፤ ለዚያም የሚሆነው መፍቻ በየትኛው ሣጥን እንዳለ ማወቅ ይገባል።